ኤድመንተን ከመግባታችሁ በፊት ማርቆስ ላይ የሚያልቅ ሥራ

ዘንድሮ ልጆቹን ይዤ ሦስት ሳምንት ደብረ ማርቆስ ከርሜ ነበር። የሄድኩበት ቤት ሁሉ አቦሉ ሳይቀዳ አንድ ጥያቄ ይመጣል። "እታለም፣ የኛም ጉዳይ አልቋል፤ ምን ምን እንያዝ?" ጥያቄው ስለ በርበሬና ስለ ካፖርት ነው። እኔን ግን ካናዳ ገብቼ የመጀመሪያውን ሁለት ሳምንት ያንገላታኝ በርበሬም ካፖርትም አልነበረም። ቀበሌና ጤና ጣቢያ ሄጄ በአንድ ከሰዓት ልጨርሰው ስችል "እዚያ ስንደርስ ይታያል" ብዬ የተውኩት ነገር ነው። ስለዚህ ይሄን መመሪያ ከኤድመንተን ሳይሆን ከማርቆስ እጀምረዋለሁ።

እኔ የሄድኩት በ2015 ጥር ላይ ነው። ባሌ ስድስት ዓመት ቀድሞኝ ሄዶ ነበር፤ በቤተሰብ ስፖንሰር አስመጣን። ልጆቼ ያኔ የ11 እና የ6 ዓመት ነበሩ። በሌላ መንገድ የምትሄዱ ወይም ኤድመንተን ካለችበት ከአልበርታ ክፍለ ሀገር ውጭ የምትገቡ አንዳንዱ ነገር ይለይባችኋል፤ በተለይ የጤና መድኅኑ እንደ ክፍለ ሀገሩ ነው።

የልጆቹ ወረቀት

መጀመሪያ የክትባት ካርድ። ትንሹ ልጄ የተወለደው ጥቅምት 2009 ነው፤ በፈረንጅ 2016 መሆኑ ነው። ጤና ጣቢያ በሰጡኝ ካርድ ላይ የሁለተኛው ዙር ክትባት 07/05/09 ተብሎ ተጽፏል፤ ጥር 7 ማለት ነው። ኤድመንተን ክትባት የምትሰጠው ነርስ ካርዱን አየች፣ ፓስፖርቱን አየች፣ መልሳ ካርዱን አየች። በሷ ቤት ልጄ ሊወለድ ሰባት ዓመት ሲቀረው ተከትቧል። ሳቄ መጣ፣ ግን የምስቅበት እንግሊዝኛ እንኳ አልነበረኝም። ካርዱን ማስረዳት ስላቃተኝ ልጁ የተከተበውን አንዳንድ ክትባት እንደገና ተወጋ።

ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ጤና ጣቢያ ሂዱና ክትባቱ ተዘርዝሮ፣ በእንግሊዝኛ፣ ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ማኅተም ባለው ደብዳቤ ይጻፍላችሁ። እምቢ ካሉ ካርዱን ትርጉም ቤት ስጡትና ቀኑም እንዲቀየር አጥብቃችሁ ንገሩ፤ ተርጓሚው ፊደሉን ተርጉሞ ቁጥሩን እንዳለ ሊተወው ይችላልና።

ሁለተኛው ስም ነው። በኛ ፓስፖርት መጨረሻ ላይ የሚገባው ስም የአያት ነው። የባሌ መጨረሻ ስም የሱ አያት፣ የልጆቼ መጨረሻ ስም የባሌ አባት፣ የኔ ደግሞ የኔ አያት። አራት ሰው፣ ሦስት የቤተሰብ ስም። ፈረንጅ አባትና ልጅ በመጨረሻ ስም አንድ መሆን አለባቸው ብሎ ነው የሚያስበው፤ ትምህርት ቤትም ሐኪም ቤትም "የልጆቹ ምን ነሽ?" መባል አይቀርም። መልሱ የልደት ሰርተፍኬትና የጋብቻ ሰርተፍኬት ነው። ሁለቱንም ከወሳኝ ኩነት አውጡ፣ እንግሊዝኛው ከፓስፖርቱ ጋር በፊደል አንድ መሆኑን ቆማችሁ አረጋግጡ። አንዷ ፊደል ከተለየች እዚያው ቆጣሪው ላይ አስተካክሉ፤ ከኤድመንተን ሆኖ ማስተካከል ማለት ውክልና፣ ዘመድ፣ መመላለስ፣ ልመና ነው።

ሦስተኛው የትምህርት ቤት መሸኛና ትራንስክሪፕት። እዚያ ክፍል የሚመደበው በአብዛኛው በዕድሜ ቢሆንም፣ ልጅቷ በሒሳብ ጎበዝ መሆኗን የሚናገርላት ሌላ ማስረጃ የለም።

ዋናዎቹ ወረቀቶች ሻንጣ ውስጥ አይገቡም። ፊስታልም ይሁን ፋይል፣ ትከሻችሁ ላይ። የሁሉንም ፎቶ አንስታችሁ እዚህ ለሚቀር አንድ የምታምኑት ሰው ላኩ።

ሻንጣው

በኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ካናዳ ለአንድ ሰው ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ነው፤ ለማንኛውም ቲኬታችሁ ላይ ያለውን አንብቡ። እኔ ከዚህ ውስጥ አንዱን ሻንጣ በሙሉ ለኤሌክትሪክ ምጣድ ሰጠሁት። በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ በገመድ አስሬ፣ አማቴ መርቃው። የኛ አገር መብራት 220 ቮልት ነው፣ የካናዳ 120። ሶኬቱም አይገባም፣ አስማሚ ገዝታችሁ ብታስገቡትም ለብ ይልና ይቀራል፤ ሊጥ ብታፈሱበት እንደ አጥሚት ይተኛል። እዚያ ያለው ሀበሻ የሚጋግርበት ለዚያ አገር መብራት የተሠራ ክብ ምጣድ አለ፤ ሰፌዱንና አክንባሎውን ብትይዙ ግን አትቆጩም።

በርበሬ፣ ሽሮ፣ ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ጀበና፣ ጋቢ። ይሄ ይበቃል። ቋንጣ አትያዙ፣ ሥጋ አይገባም። ቅቤውንም ተዉት፤ እዚያ ጨው የሌለው ቅቤ ገዝታችሁ በኮሰረትና በኮረሪማ ስታነጥሩት የቢቸናው ባይሆንም ያስታርቃል። የያዛችሁትን ምግብ በሙሉ ለጉምሩክ "አለኝ" በሉ። የሚያስቀጣው መያዙ ሳይሆን መደበቁ ነው።

የክረምት ልብስ ከዚህ አትግዙ። ጮቄ ላይ የሚያሞቅ ጃኬት እዚያ በጥር ሹራብ ነው። ኤድመንተን ብርዱ ሲከፋ ከዜሮ በታች 30 ይወርዳል። የሁላችሁንም የጫማና የልብስ ቁጥር ለሚቀበላችሁ ሰው ላኩለት፣ ካፖርትና ቦቲ ይዞ አየር ማረፊያ ይምጣ። ሰልባጅ ሱቅ ሞልቷል፤ የልጅ ካፖርት በአንድ ዓመት ስለሚያጥር አዲስ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ዘመድና ገንዘብ

ይሄን ማንም አይነግራችሁም፣ ስለዚህ በደንብ ልናገረው። ስትሸኙ ሰው ይሰበሰባል፣ ጠላ ይጠመቃል፣ ምርቃቱ መሃል "አትርሱን" ይመጣል። በዚያች ሰዓት ለማንም ምንም ቃል አትግቡ። ለትኬት የተበደራችሁት ካለ ለማን ስንት እንደሆነ ጽፋችሁ፣ መቼ መክፈል እንደምትጀምሩ ረዘም አድርጋችሁ ንገሩ። እኔ "በሁለት ወር" ብዬ ነበር። ስምንት ወር ፈጀብኝ፤ በየሳምንቱ ስልክ ሲጮህ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

እድራችሁን ግን አታቋርጡ። በየወሩ የሚከፍልላችሁ ሰው ለዩና የዓመቱን ገንዘብ አስቀድማችሁ ስጡት። አባት እናት እዚህ ጥሎ የሄደ ሰው ለምን እንደምል ይገባዋል።

መንገዱ

ከማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በደህና ጊዜ የአንድ ቀን መንገድ። መንገዱ የሚዘጋበት ቀን ስላለ ከበረራው ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀድማችሁ አዲስ አበባ ግቡ። ደጀን አልፋችሁ ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ልጆቹን ቀስቅሱና ይዩት።

ኤድመንተን የምትገቡት ቶሮንቶን አልፋችሁ ከሆነ፣ የኢሚግሬሽኑ ጉዳይ የሚያልቀው ቶሮንቶ ነው። ሻንጣ ተቀብላችሁ፣ ጉምሩክ አልፋችሁ፣ እንደገና ሻንጣ ታስገባላችሁ። ከሁለት ሕፃናት ጋር ይሄ ቀላል አይደለም። ትኬት የሚቆርጥላችሁን ሰው በሁለቱ በረራ መሃል አራት ሰዓት ይኑር በሉት፣ አምስትም ቢሆን አይከፋ።

መኮንኑ የምትኖሩበትን አድራሻ ይጠይቃችኋል። በእንግሊዝኛ ተጽፎ ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን። የቋሚ ነዋሪነት ካርዳችሁ በፖስታ የሚመጣው ወደዚያ ነው፤ ያኔ አድራሻ ካልሰጣችሁ በ180 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለባችሁ። ካርዱ ሳይመጣ ከካናዳ መውጣት አይታሰብ፣ ለመመለስ ጣጣ ነው። ወርቅ ካላችሁ፣ ወይም በኋላ የሚላክላችሁ ዕቃ ካለ፣ በዝርዝር ጽፋችሁ እዚያው አስመዝግቡ። 10,000 የካናዳ ዶላር ወይም ከዚያ በላይ የያዘም ማስመዝገብ ግዴታው ነው፤ እኔን አልመለከተኝም።

አንደኛውና ሁለተኛው ቀን፦ ተኙ

ሁለት ቀን ምንም ቢሮ አትሂዱ። በክረምት የሰዓቱ ልዩነት አስር ሰዓት ነው፤ ቀንና ሌሊት ይገለበጣል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሁለቱም ልጆቼ ቁጭ ብለው ፍርፍር ይጠይቁኝ ነበር። ማርቆስ ምሳ ሰዓት ነዋ! አትቆጡ፣ ስጧቸው። ቀን ላይ ግን ብርሃን ባለበት ሰዓት አልብሳችሁ ትንሽ አውጧቸው፣ ከሰዓት 9 ሰዓት ካለፈ ደግሞ አታስተኟቸው። በታኅሣሥ ፀሐይ ጠዋት 3 ሰዓት ሊሞላ ሲል ወጥታ 10 ሰዓት አለፍ ሲል ትገባለች። ለማርቆስ ልጅ ይሄ ግማሽ ቀን ማለት ነው።

አሁን ባል ቀድሞ ሄዶ ቤተሰብ ለሚያስመጣ ቤት የምለው አለኝ። ባሌ ሲሄድ ትንሹ የሦስት ወር ሕፃን ነበር። አባቱን የሚያውቀው በስልክ ነው። አየር ማረፊያ ሊያቅፈው ሲል ከኋላዬ ተሸጎጠ። ቤት ገብተን ሁለት ቀን ሙሉ "ጋሼ" ነው የሚለው፣ "ጋሼ ውሃ ስጠኝ።" ባሌ ሽንት ቤት ገብቶ ሲያለቅስ ሰማሁት። በሦስተኛው ቀን ሥራ ሄዶ በቪዲዮ ሲደውል ልጁ ስክሪኑን አየና "አባባ!" ብሎ ጮኸ።

እና ምን ይደረግ? ልጁን "አባትህን ሳም" እያላችሁ አትግፉት። አንድ ሥራ ለአባቱ ብቻ ይተው። በኛ ቤት የቦቲ ማሰር ሆነ፤ በየጠዋቱ ተንበርክኮ ያስርለታል፣ እኔ አልነካም። በሁለት ሳምንት "ጋሼ" ጠፋ። ቀድማችሁ የሄዳችሁ አባቶች፣ ከቻላችሁ የመጀመሪያውን ሳምንት ፈቃድ ውሰዱ። የኛ ሁለት ቀን ብቻ ነበር፣ አልበቃንም።

ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ቢሮ

ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው። መጀመሪያ ሰርቪስ ካናዳ የሚባለው የመንግሥት ቢሮ ሄዳችሁ ሲን (SIN) የሚባለውን መለያ ቁጥር ታወጣላችሁ። ዘጠኝ አሃዝ ነው፣ ክፍያ የለውም፣ በአካል ከሄዳችሁ ብዙውን ጊዜ በዚያው ቀን ይሰጣችኋል። ያለሱ ሥራ የለም። ቁጥሩን ቤት አስቀምጡት፣ በስልክ ለማንም አትስጡ። "ከመንግሥት ነን፣ አሁኑኑ ካልከፈልሽ ትታሰሪያለሽ" ብሎ የሚደውል ሰው ሌባ ነው፣ ዝጉበት።

ከዚያ ባንክ። እናቶች፣ በራሳችሁ ስም አካውንት ክፈቱ። ባሌን ስለማላምነው አይደለም። የካናዳ የልጆች ድጎማ፣ አባትና እናት አብረው ካሉ፣ በመደበኛው የሚሰጠው ለእናት ነው፤ ስለዚህ አካውንት ያስፈልጋችኋል። ድጎማውን ቶሎ አመልክቱ፣ አዲስ ገቢ የሚሞላው ተጨማሪ ቅጽ አለው። መጠኑ እንደ ቤተሰቡ ገቢና እንደ ልጆቹ ዕድሜ ነው። እንዳይቋረጥ ደግሞ ሁለታችሁም በየዓመቱ ታክስ ማስገባት አለባችሁ፣ ገቢ ባይኖራችሁም።

የጤና ካርድ አልበርታ ውስጥ የሚወጣው መንጃ ፈቃድ በሚያወጡት የሬጅስትሪ ቢሮዎች ነው። በደረሳችሁ በሦስት ወር ውስጥ ካመለከታችሁ ከገባችሁበት ቀን ጀምሮ ይቆጠርላችኋል። ሐኪምና ሆስፒታል ይሸፍናል፤ ከፋርማሲ የሚገዛ መድኃኒትና መነጽር ግን ለአዋቂ በአብዛኛው ከኪስ ነው። የዓይን ጉዳይ ካለባችሁ መነጽር እዚህ አሠርታችሁ ሂዱ።

ቀጥሎ አዲስ ገቢዎችን የሚረዱ ድርጅቶች ጋ እንግሊዝኛ ትፈተናላችሁ፣ በደረጃችሁ ያለ ክፍያ ትማራላችሁ። የት እንዳሉ ካላወቃችሁ 211 ደውሉ። ለድንገተኛ አደጋ 911፣ ነርስ ለማማከር 811። የትም ብትደውሉ "አማርኛ" ብላችሁ ጠብቁ፣ አስተርጓሚ ይፈለጋል። ሐኪም ቤትም እንደዚያው፤ ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ።

የቀጠሮ ሰዓት ላይ ተጠንቀቁ። ያቺው ነርስ ለሚቀጥለው ክትባት በወረቀት 2:00 ብላ ጻፈችልኝ። ባሌ ሥራ ነው፤ "ብቻዬን እችላለሁ" ብዬ ልጁን ይዤ በአውቶቡስ ሄድኩ። ልክ በጠዋቱ ሁለት ሰዓት ደረስኩ፣ በሩ ገና ሲከፈት። የነሱ ሁለት ሰዓት የኛ ስምንት ሰዓት ነው። ስድስት ሰዓት ሙሉ ተቀመጥን፣ ልጁ ጋቢዬን ለብሶ ሁለቴ ተኛ፣ ተነሳ። ከዚያ ወዲህ ስልኬን በፈረንጅ ሰዓት አደረግኩና ግድግዳ ላይ ያለውን ሰዓት ብቻ በኛ ተውኩት። ቀኑም እንዲሁ ነው፤ አንዳንዱ ቅጽ ወርን ያስቀድማል፣ አንዳንዱ ዓመትን። ከመሙላታችሁ በፊት ሳጥኑ ላይ ያለውን አንብቡ።

አውቶቡሱ ላይ ግን አልተቆጨሁም። ባሌ ስድስት ዓመት ስለኖረ ሁሉን ያውቃል፣ ሁሉንም ልሥራልሽ ይላል። እንዲህ ከሆነ በዓመታችሁም ሱቅ ብቻችሁን አትሄዱም። በቀን አንድ ነገር ራሳችሁ አድርጉ፣ ወተት መግዛትም ቢሆን።

ትምህርት ቤት

መንግሥት የሚከፍልበት ትምህርት ቤት ነጻ ነው። በአልበርታ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶችም መንግሥት ይከፍልባቸዋል፣ ስለዚህ ምርጫ አላችሁ። አድራሻ የሚያሳይ ወረቀት፣ የኢሚግሬሽን ወረቀትና የልደት ሰርተፍኬት ይዛችሁ ሂዱ።

ምሳ አብዛኛው ትምህርት ቤት አያበላም፣ ምሳ ዕቃ ትቋጥራላችሁ። የለውዝ ነገር በብዙ ቦታ ክልክል ነው፣ አለርጂ ያለበት ልጅ አለና። ሽሮ በትንሽ ፔርሙስ ሞቅ ብሎ ይሄዳል። ትልቋ እንጀራ መያዝ አፍራ አንድ ወር ዳቦ በላች፤ ኋላ ጓደኞቿ እየቀመሱባት ሁለት ጥቅል አድርጊልኝ አለች። በጾም ቀን ወተትና ሥጋ እንደማይበሉ ለመምህሩ ንገሩ።

ብርዱ በጣም ካልከፋ ልጆች ለእረፍት ውጭ ይወጣሉ። ጓንት ሁለት ሁለት ግዙ፣ አንዱ ይጠፋል። ስም ጻፉበት።

አንድ ነገር ሳልሸፋፍን፦ መምታት የለም። ኩርኩምም ቁንጥጫም። መምህር ልጅ ተጎድቷል ብሎ ከጠረጠረ ማመልከት ግዴታው ነው። የስድስት ዓመት ልጅም ብቻውን ሱቅ አይላክም፣ ቤት ብቻውን አይተውም። "ጎረቤት ታየዋለች" የምንለው ነገር እዚያ የለም፤ ጎረቤቴን ያየኋት በሦስተኛው ሳምንት ነው፣ በረዶ ስትጠርግ።

ቤቱ

ቤት ውስጥ ሙቀት አለ፣ አየሩ ግን እንደ ምድጃ ይደርቃል። በሁለተኛው ሌሊት የትንሹ አፍንጫ ደማ፤ ደንግጬ 911 ልደውል ነበር። ድርቀቱ ነው። ሲተኙ አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ቫዝሊን ቀቡ፣ ፎጣ አርሳችሁ ክፍሉ ውስጥ ስቀሉ።

ቡና ስትቆሉ ጭስ ጠቋሚው ይጮሃል። መስኮት ክፈቱ፣ የምድጃውን ማራገቢያ አብሩ። ባትሪውን መንቀል ግን በፍጹም፤ ያ ነገር ሌሊት ለእሳት ነው የተሰቀለው።

ሊጥ በክረምት አይቦካም። እርሾው ቀዝቅዞ ሦስት ቀን ዝም ይላል። ኦቭኑን ሳትለኩሱ መብራቱን ብቻ አብርታችሁ ቡሃቃውን ውስጡ አስቀምጡ፣ ጠዋት ታገኙታላችሁ። ሌላ ሰው ኦቭኑን እንዳይለኩሰው በሩ ላይ ወረቀት ለጥፉ። እኛ ቤት አንዴ ተለኩሶ ፕላስቲክ ቡሃቃዬ ቀልጧል።

ስልክ

የምትደውሉበትን ሰዓት ከመሄዳችሁ በፊት ተስማሙ። በክረምት እዚያ ማታ 3 ሰዓት ሲሆን ማርቆስ በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ነው፤ በበጋቸው ደግሞ ልዩነቱ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ይወርዳል። ኔትወርክ ሲጠፋ እንዳትጨነቁ "ሳምንት ከጠፋን በእገሌ በኩል" የምትሉት አንድ ሰው አዲስ አበባ ይኑራችሁ። እኔም ይሄን ሁሉ ለእናቴ አስረድቼ፣ በወረቀት ጽፌ፣ ሰዓቱን ግድግዳ ላይ ለጥፌላት ነው የሄድኩት። እሷ ግን የምትደውለው ምሳዋን በልታ ስትጨርስ ነው። እኔ ጋ ሌሊት 10 ሰዓት ይሆናል። አነሳለሁ።